ሴራፊን፦ ወለል እየወለወለች የሣለች

ስለ ሠዓሊያን የሚሠሩ ፊልሞች ብዙውን ጊዜ ከዝናው ይነሣሉ። ፈረንሳዊው ማርቲን ፕሮቮ በ2008 ያቀረበው «ሴራፊን» ግን ከባልዲና ከመወልወያ ጨርቅ ጋር ያስተዋውቀናል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሴራፊን ሉዊ በ1864 ከፓሪስ በስተ ሰሜን አርሲ በምትባል መንደር ከድኻ ቤተሰብ ተወለደች። ገና በልጅነቷ ወላጆቿን አጣች፤ በግ ጠበቀች፤ ሃያ ዓመት ያህል በገዳም አገለገለች። በኋላም በሳንሊስ ከተማ በየሰው ቤት ወለል የምትወለውል፣ ልብስ የምታጥብ ሠራተኛ ሆነች። የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። እንድትሥል ያዘዛት ጠባቂ መልአኳ እንደሆነ ትናገር ነበር። ቀን የሰው ቤት፣ ሌሊት በሻማ ብርሃን የራሷ ሥራ ነበር።

ፊልሙን ያደነቅሁት ለዚህ ድካም ጊዜ ስለሚሰጥ ነው። ቤልጂጋዊቷ ተዋናይት ዮላንድ ሞሮ ከሥጋ ቤት ደም፣ ከቤተ ክርስቲያን የሻማ ሰም፣ ከሜዳ ዕፅዋት እየለቀመች ቀለሟን ስትበጠብጥ በትዕግሥት እናያለን። የጥበቡ ምሥጢር ከንግግር ይልቅ በእጆቿ ተገልጧል። ፊልሙ በ2009 ምርጥ ፊልምንና ምርጥ ተዋናይትን ጨምሮ 7 የሴዛር ሽልማቶችን ማግኘቱ አያስገርምም።

በ1912 የፒካሶን ሥራዎች ቀድሞ የገዛው ጀርመናዊ ሰብሳቢ ቪልሄልም ኡደ፣ በሳንሊስ ሰው ቤት አንዲት የፖም ሥዕል ያያል። «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ ይጠይቃል። የሠራችው የእርሱን ቤት የምታጸዳው ሴት ናት! በ1914 ጦርነቱ ለያያቸው። በ1927 ዳግም ሲገናኙ ቁመታቸው ሁለት ሜትር የሚደርስ፣ ቅጠሉና አበባው እንደ ነበልባል የሚንቦገቦግ ሥዕሎችን መሥራት ጀመረች። ዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ ግን ኡደ መግዛቱን ተወ። አእምሮዋም ታወከ። በ1932 ክሌርሞን ወደሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች፤ በ1942 በዚያው አረፈች።

ይህን ታሪክ ኮሶዬ ላይ ሆኜ ሳሰላስል ሐሳቤ ቁልቁል ወደ ጎንደር ይወርዳል። በዚሁ መንገድ፣ ከተማዋ መዳረሻ ላይ ወለቃ አለች። የወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከጭቃ ሸክላና ልዩ ልዩ ምስል ይሠሩ ነበር፤ አብዛኞቹ እስከ 1991 ድረስ ወደ እስራኤል ሄደዋል። የሥራቸው ዝና ከአገር ውጭ ተሰማ፤ ስማቸውን የያዘ ግን ጥቂት ነው። እቴጌ ምንትዋብም በጣና ናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። በቀድሞው ሥዕላችን ሴት አሠሪም ተሣይም ናት፤ የሠዓሊነት ስሟ ግን እምብዛም አይገኝም።

ይህ ዝምታ የተሰበረው ዓለ ፈለገ ሰላም በ1957 በአዲስ አበባ ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በኩል ነው። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ምሩቅ ደስታ ሐጎስ በ1969 ሥራዎቻቸውን ለብቻቸው ለሕዝብ አቀረቡ። በአገራችን አንዲት ሴት ሠዓሊ እንዲህ ያለ የግል ዐውደ ርእይ ስታቀርብ የመጀመሪያው ነበር።

ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ልዩነቱ ይታየኛል። ሴራፊንን ያወጣት የአንድ ሰው ዐይን ነው፤ የሰውየው ኪስ ሲነጥፍም በሩ ተዘጋባት። ትምህርት ቤት ግን ለአንዲቱ የከፈተውን በር ለተከታይዋም ክፍት ሊያደርግ ይችላል። የደጋፊ ቸርነት ከሰውየው ጋር ይሄዳል፤ ተቋም ግን ከትውልድ ትውልድ ይሸጋገራል።

ቢሆንም የኡደን ጥያቄ አልንቀውም። በየቤታችን ግድግዳ የተሰቀለ ሰፌድ፣ ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ጀበና አለ። ሥራውን ማድነቅ ለምደናል። «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ ስም መጠየቅ፣ የተነገረንንም ስም መጻፍ ግን ገና ይቀረናል።