መድረኩ የማን ነው?

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል አንድ አጭር ቴአትር ለማሳየት ስንሰናዳ፣ የእንጨቱ መድረክ አራት ደረጃዎች ነበሩት። በምርኩዝ የሚሄደውን የክፍል ጓደኛችንን ደረጃው ያስቸግረዋል ብለን መጋረጃ ሳቢ አደረግነው፤ እርሱም ምንም ሳይል ተቀበለ። ልምምዱ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ግን አንዱ ተዋናይ ንግግሩ ጠፍቶበት ዝም ቢል፣ ያ ጓደኛችን ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ የጎደለውን አቀበለው። ኋላም ብንጠይቀው የሁላችንንም ንግግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያውቀዋል። በዚያን ቀን ያፈርነው እኛ ነን። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነውም፣ በአገራችን የቴአትር መድረክ ለማን ተፈቅዶ ለማን ተከልክሎ እንደ ኖረ ለማወቅ ብለን ነው።

የምንኖርባት ደወሌ ከጅቡቲ ለሚመጣ መንገደኛ የኢትዮጵያ በር ናት። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው የምድር ባቡር ሐዲድ በዚህ በኩል አለፈ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ወሰኑን የሚሻገረው በዚሁ አካባቢ ነው። ሐዲዱ ብዙ ሰውና ብዙ ቋንቋ አምጥቶልናል። ነገር ግን ሕዝብ ተሰብስቦ የሚያዳምጥበት ሥፍራ ከሐዲዱም በፊት ነበረ። የኢሳ ሶማሌዎች «ሄር ኢሴ» የሚሉት በቃል የሚወርድ ሕግ የሚነገረውና ፍርድ የሚሰጠው ከዛፍ ጥላ ሥር በተቀመጠ ጉባኤ ነው። ተናጋሪው በምሳሌና በግጥም ያስረዳል፤ ሌላው ያዳምጣል። ይህም ሕግ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ከዛፍ ሥር ደረጃ የለም፤ አንካሳውም ሽማግሌውም እኩል መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ሆኖም ጉባኤው በልማድ የወንዶች ብቻ እንደ ነበረ አንሸሽግም።

ወደ ዘመናዊው ቴአትር ስንመለስ፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉት፣ ጅጅጋንም ያስተዳደሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለው ድርሰታቸው አውሬዎችን እያናገረ የመኳንንቱን ጥፋት ስለ ገለጠ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ለጊዜው ተከለከለ። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ትልቁ አዳራሽ ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት የሴት ልብስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ፤ በሶማሊኛ ቴአትርም እንዲሁ ነበር። ሴት በመድረክ መታየቷ እንደ ነውር ይቈጠር ነበርና። ኋላ ሴቶች ሲወጡ ቴአትሩ ከበረ እንጂ አልተዋረደም።

አካል ጉዳተኞች ግን ብዙ ጊዜ ቆዩ። በድርሰት ውስጥ አልጠፉም፤ ዐይነ ስውሩ ለማኝ፣ አንካሳው መሳቂያ ሆኖ ይታያል። የሚጫወተው ግን ጤነኛ ሰው ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተበደሉ ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ከመድረኩ ቀርተው፣ ሁለተኛ በመድረኩ ላይ ተቀልዶባቸው።

ይህን ልማድ ከለወጡት አንዱ በአዲስ አበባ የተጀመረ ሥራ ነው። እንግሊዛዊው የዳንስ መምህር ሮይስተን ማልዱም በ1996 እ.ኤ.አ. ከከተማይቱ የጎዳና ልጆች ጋር መሥራት ጀመረ፤ ከዚያም «አዱኛ» የተባለው የዳንስና የቴአትር ቡድን ተወለደ። ምንም ሀብት ላልነበራቸው ልጆች አዱኛ የሚል ስም መውጣቱ ያስደንቃል። ልጆቹ ለዓመታት ከሠለጠኑ በኋላ ሌላውን ወደ ማስተማር ተሸጋገሩ። በዚህም ጊዜ አዳም ቤንጃሚን የተባለ መምህር መጥቶ አብሯቸው ሠራ። ይህ ሰው በ1991 እ.ኤ.አ. ከሴለስት ዳንደከር ጋር በእንግሊዝ አገር ካንዱኮ የተባለውን ቡድን የመሠረተ ነው። ሴለስት በ1973 እ.ኤ.አ. በመድረክ ላይ ስትጨፍር ወድቃ የተጎዳችና በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ዳንሰኛ ናት። በአዲስ አበባም አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ከአዱኛ ልጆች ጋር ሠልጥነው ለሕዝብ ታዩ። ከአዱኛ የወጡት ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴም «ደስቲኖ» የተባለ ቡድን አቋቁመው፣ ጉዳት ያለበትንና የሌለበትን ዳንሰኛ ባንድ መድረክ አሰለፉ።

የአሠራሩ ምሥጢር ቀላል ነው። አስቀድሞ የተቈረጠ እንቅስቃሴ ሰጥቶ ይህን ያልቻለ ይውጣ አይባልም፤ እያንዳንዱ ከሚችለው ተነሥቶ ጨዋታው ይሠራል። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ባስፋፋው የቴአትር ዐይነት ደግሞ፣ በደል ሲታይ ተመልካቹ «ቁም» ብሎ ጨዋታውን ያስቆማል፤ ከተቀመጠበት ተነሥቶም በተበዳዩ ቦታ ገብቶ መፍትሔውን ይሞክራል። መስማት ለተሳነው በምልክት ቋንቋ የሚተረጕም ሰው ብርሃን ባለበት ይቆማል፤ ለዐይነ ስውር የሚታየው ነገር በቃል ይነገረዋል።

ይህ የቸርነት ነገር ብቻ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዝዟል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም፣ እነዚህ ሰዎች የኪነ ጥበብ ችሎታቸውን ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ለኅብረተሰቡም ብልጽግና እንዲያውሉ ዕድል ይሰጣቸው ይላል። እንግዲህ ሲቀሩ የምንጎዳው እኛም ጭምር ነን።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ወደ ጓደኛችን ሄደን ይቅርታ ጠየቅነውና የትኛውን ገጸ ባሕርይ እንደሚፈልግ ጠየቅነው። እርሱም «ለማኝ አታድርጉኝ እንጂ ሌላውን እችላለሁ፤ ዳኛውን ስጡኝ» አለ። ቴአትራችን በውኃ ጉድጓድ ስለ ተጣሉ ሁለት ቤተ ሰቦች ነውና ዳኛ ነበረበት። የዳኛውን ቦታ ይዞ የነበረው ልጅም በፈቃዱ ለቀቀለት፤ መጋረጃም አያስፈልገንም ብለን ጨዋታውን ከመድረኩ አውርደን በግቢው ዛፍ ሥር አደረግነው።

ወላጆች ሆይ፣ በበዓሉ ዕለት ስትመጡ በዚያው ታገኙናላችሁ። ሰው ያየዋል ብላችሁ እቤት ያስቀመጣችሁት ልጅ ካለ እባካችሁ ይዛችሁት ኑ። ሥፍራው መሬት ነው፤ የሚወጣ ደረጃ የለውም።