የጠበበው ዲስኩ ሳይሆን ቁጥሩ ነበር

አዲስ ሃርድ ዲስክ ገዝቶ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የገጠመ ሰው መጠኑ ተቆርጦ ሲያይ ሻጩን ይረግማል። ብዙ ጊዜ ግን ማዘርቦርዱ ነው ከዚያ በላይ መቁጠር ያቃተው።

ነገሩ የቆየ ነው። ባዮስ የተባለው የማዘርቦርዱ መነሻ ፕሮግራምና ዲስኩ ለአድራሻ የመደቡት ቦታ ስላልተጣጣመ የመጀመሪያው ድንበር 528 ሜጋባይት ላይ ቆመ። እሱ ሲታለፍ 8.4 ጊጋባይት ላይ ሌላ መጣ። በየጊዜው ቁጥሩን የወሰኑት መሐንዲሶች «ይህን ያህል ማን ይሞላዋል?» ያሉ ይመስላል።

የከፋው 137 ጊጋባይት ላይ የመጣው ነው። ባለ 28 ቢት አድራሻ ከዚያ በላይ አይቆጥርም፤ ይህን ብቻ የሚያውቅ ሶፍትዌር ድንበሩን አልፎ ሲጽፍ ቁጥሩ ዞሮ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። የዛሬው ፎቶ በትናንቱ ሰነድ ላይ ይጻፋል፤ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ባለቤቱም የሚያውቀው ፋይሉን ሲፈልግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ እንኳ ባለ 48 ቢቱን አድራሻ በአግባቡ የያዘው በቀጣዩ ዓመት በሰርቪስ ፓክ 1 ነው።

ሳታ ሲመጣ ጣጣው ወደ ፍጥነት ዞረ። እንደ ቪቲ8237 ያሉ የቪያ ቺፖች የተገጠሙባቸው ማዘርቦርዶች ባለ 3 ጊጋቢቱን ዲስክ ጭራሽ አያዩትም ነበር። አሠራሩ ሁለቱ ተነጋግረው በሚችሉት ፍጥነት እንዲስማሙ ነው፤ መነጋገር ያቃተው ቺፑ ነው። መውጫ ያበጁት ግን ዲስክ አምራቾች ናቸው፦ ዲስኩ ጀርባ ላይ የምትሰካ፣ ፍጥነቱን ወደ 1.5 ጊጋቢት የምታወርድ ትንሽ ጃምፐር። «አዲስ ማዘርቦርድ ግዙ» ብለው መተው ይችሉ ነበር።