ሁለት ቅንፍ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጻፈልኝ። ውጭ አገር አንድ ባንክ ውስጥ ከተቀጠረ ገና ሁለተኛ ወሩ ነው፣ የሙከራ ጊዜውን አልጨረሰም። "ጋሼ፣ ዳታቤዙ አልገናኝ አለኝ። ሁሉም ነገር ልክ ነው፣ ግን እምቢ። ሰዎቹ እኔን እኔን ማየት ጀምረዋል።"

የተሰጠው ሥራ ሜይንፍሬም ላይ ያለውን ሜሴጅ ብሮከር ከዲቢ2 ጋር ማገናኘት ነው። ብሮከሩን ደላላ ብትሉት አልተሳሳታችሁም፤ ከአንዱ ፕሮግራም መልእክት ተቀብሎ ሌላው በሚገባው መልክ ያደርሳል። ዲቢ2ን የሚያገኝበት መንገድ በአንዲት አጭር ፋይል ይጻፋል። የፋይሏ ክፍሎች ስማቸው በማዕዘን ቅንፍ ተከቦ ይጀምራል። ልጁ ደጋግሞ አይቶታል፣ ቅንፉም ስሙም በቦታው ነው።

"ኤዲተሩ ላይ ሄክስ ኦን በል" አልኩት። ከቅንፎቹ ሥር ቢኤ እና ቢቢ ወጣ። ዲቢ2 የሚፈልገው ኤዲ እና ቢዲ ነው።

ይሄ ከየት መጣ? ወደ ካርድ ዘመን መመለስ አለብን። እ.ኤ.አ. በ1890 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ የተሠራው በኸርማን ሆለሪት የሚበሳ ካርድ ነበር። በኋላ አይቢኤም በካርዱ ላይ ፊደል ሲጽፍ አንድ ፊደል በሁለት ቀዳዳ ተወከለ፤ አንዱ ከላይ ካሉት ሦስት ረድፎች፣ ሌላው ከቁጥሮቹ። ስለዚህ 26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ስምንት ሆነው ተከፈሉ። ሲስተም 360 ሚያዝያ 7 ቀን 1964 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ሲሆን ይዞት የመጣው ኢቢሲዲክ የሚባለው ኮድም ይህንኑ ክፍፍል ወረሰ። ዛሬም በሜይንፍሬም ውስጥ ከአይ ቀጥሎ ጄ አይመጣም፣ መሃል ላይ ክፍተት አለ። ካርዱ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ ቀዳዳው ግን አለ!

ለማዕዘን ቅንፍ ደግሞ ሁሉም የተስማማበት ቦታ አልተገኘለትም። የካርድ ሰው ምን ያደርግለታል? በኋላ ግን ሲ ቋንቋና ዩኒክስ ሜይንፍሬም ላይ ገቡ፤ ሲ ያለ ቅንፍ መተንፈስ አይችልም። ለእነሱ የተመረጠው ኮድ ገጽ 1047 ቅንፎቹን በኤዲ እና ቢዲ አስቀመጠ። በአሜሪካ የተለመደው 037 ግን በቢኤ እና ቢቢ ነው ያስቀመጣቸው። ከዚያ በ1990ዎቹ ኦዲቢሲ ከፒሲው ዓለም መጣ፣ በቅንፍ የሚከፈለውን የሴቲንግ ፋይል ይዞ። የልጁ ተርሚናል በ037 ይጽፋል፣ በ037 ያሳያል፤ ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ፍጹም ቅንፍ ነው። ፋይሏን የሚያነበው ግን የሚያየው ሌላ ምልክት ስለሆነ ክፍሉን ጭራሽ አያገኘውም።

እኛ ደግሞ ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ከዩኒኮድ በፊት በአማርኛ የጻፋችሁ ታስታውሳላችሁ፤ አንድ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ቤት ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ትርምስ ይሆን ነበር። እያንዳንዱ ፎንት ለ"ሀ" የራሱን ቦታ ሰጥቶት ነበርና። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) በ3.0 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ዛሬም በየፍሎፒው ታስሮ እንደተቀመጠ ሳስብ ያናድደኛል።

ልጁ ተርሚናሉን ወደ 1047 ቀይሮ ሁለቱን ቅንፎች እንደገና ጻፋቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል "ጋሼ ገባ!" የሚል መጣ። ጠዋት ለአለቃው ምን ብሎ እንደሚያስረዳ ጠየቀኝ። ሄክሱን አሳየው አልኩት፣ የካርዱን ታሪክ ግን ከሻይ በኋላ።