የእንዶድ ጥናትና ሽልማቱ

ዕውቀት ሁልጊዜ በመጽሐፍ ተጽፎ አይገኝም፤ አንዳንድ ጊዜ በወንዝ ዳር፣ በልብስ አጣቢዎች እጅ ይገኛል። ለዚህም የእንዶድ ታሪክ በቂ ምስክር ነው።

ቢልሃርዝያ የተባለው በሽታ የሚመጣው ከትል ነው። ከበሽተኛው ሰገራ ወይም ሽንት ጋር የወጣው የትሉ ዕንቁላል ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም ከቀንድ አውጣ ገላ ገብቶ ከተራባ በኋላ ተመልሶ ወደ ውሃው ይወጣና የሚታጠበውን ወይም የሚዋኘውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ቢጠፋ የበሽታው መንገድ ይቋረጣል።

በ1964 ዓ. ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም ዘመናት እንደዚሁ ናቸው) ዶክተር አክሊሉ ለማ ይህንኑ በሽታ ለመመርመር ዐድዋ ሄደው ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። ነገሩን በቸልታ አላለፉትም፤ ከአጣቢዎቹ አንዲቱ ከተረፋት የእንዶድ አረፋ በሕይወት ባሉት ቀንድ አውጣዎች ላይ እንድታፈስስ ለመኗት፤ እነዚያም ሞቱ። እናቶች ለልብስ ንጽሕና ሲሠሩበት የኖሩት ፍሬ ለሕዝብ ጤናም መድኅን ሊሆን እንደሚችል በዚያን ቀን ታወቀ።

ጥናቱም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተቋቋመው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ቀጠለ። የሥራ ጓደኛቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ስለ ተክሉ ዐይነትና አስተዳደግ ብዙ ደከሙ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በዐድዋ ወንዞች በእንዶድ በተደረገው ሙከራ፣ ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል የበሽተኞቹ ቍጥር ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ።

ይህ ሁሉ ፍሬ ታይቶ ሳለ፣ በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተገኘ ማስረጃ ብቻውን አልበቃ ብሎ፣ መርዛማነቱ በውጭ አገር እንደገና እንዲመረመር እየተጠየቀ ብዙ ዘመን አለፈ። ሁለቱ ተመራማሪዎች ግን ተስፋ አልቈረጡም። በ1989 በስዊድን አገር የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ፤ ከዐድዋው ቀን እስከዚህ ድረስ 25 ዓመት ሆኖ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ፤ ኢንስቲትዩቱም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ቢልሃርዝያ ግን ከኢትዮጵያ ገና አልጠፋም፤ ስለዚህ ሽልማቱ የድካማቸው ክብር እንጂ የሥራው ፍጻሜ አይደለም።

አረፋውን ያፈሰሰችው ሴት ስሟ በሽልማቱ መዝገብ አልሰፈረም። የተማረው ሰው ዝቅ ብሎ ባይጠይቃት ኖሮ ግን ግኝቱ ባልተገኘም ነበር። ተማሪ ከእናቱ ቤት ይዞት የሚመጣውን ዕውቀት ሳይንቁ መመርመርን ማስተማር፣ እንግዲህ የመምህራን ድርሻ ነው።