ባሕር ሸሽ

ኩልመስክ ላይ ቆሞ ስለ ዓሣ አጥማጅ ማውራት ሊያስቅ ይችላል። ከድልብ ወደ ላሊበላ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለችው ይህች የላስታ ከተማ ዙሪያዋ ተራራና ገደል ነው፤ ገበሬው ማረሻውን ከገደል አፋፍ አድርሶታል። መሬት እንዲህ በጠበበበት አገር ለሚኖር ሰው፣ ከሐይቅ ዳር ውኃ ሸሽቶ አዲስ ማሳ ተገኘ ቢሉት «እሰይ!» ከማለት በቀር ምን ይላል?

በጣና ዳር እንዲህ ያለው መሬት «ባሕር ሸሽ» ይባላል። ሐይቁ በክረምት ይተኛበታል፤ በበጋ ሲሸሽ ገበሬው ርጥበቱ ሳይደርቅ ይዘራበታል። ልማዱ የቆየ ነው። ነገር የሚመጣው ማሳው ውኃውን እየተከተለ ወደ ደንገሉ ሲገባ ነው። ለአራሽ ደንገል የሚመነጠር ጫካ ነው፤ ለወይጦ ግን ቤት ነው።

በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ወይጦዎችን በጽሑፉ አንስቷቸዋል። ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። ራሳቸውን እስላም ቢሉም የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ክርስቲያኑም እስላሙም ከማዕዳቸው ይሸሽ ነበር። ጉማሬው ሲመናመን ኑሯቸው በዓሣ፣ በወፍጮ ድንጋይና በደንገል ላይ ወደቀ። ታንኳው፣ ቅርጫቱ፣ ምንጣፉ ሁሉ ደንገል ነው። የጣናን ገዳማት ሊሳለም የሚሄደው ምእመን የሚሳፈርበትን ታንኳ የሚሠሩትም እነርሱ ነበሩ፤ ርስት ግን አልነበራቸውም። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም መሬትን ለአራሹ ሰጠ፤ መብት የተለካው በማረሻ እንጂ በመረብ ወይም በማጭድ አልነበረም።

በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ስፍራ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ። ዓላማው የጢስ ዓባይን የኃይል ማመንጫ ዓመቱን ሙሉ መመገብ ነበር። ዝናብ ባነሰበት ወቅት ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ውኃ ታክሎበት፣ ሐይቁ በሰኔ 1995 ዓ.ም. እስከዚያ ድረስ ከተመዘገበው ሁሉ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ወረደ። መርከቦች መጓዝ አቃታቸው። ገበሬው የተገለጠውን መሬት አረሰ፤ ደንገሉም ሳሳ። ከደንገሉ ጋር የሚሄደው ታንኳ ብቻ አይደለም። ቆሮሶን የመሰሉ ዓሦች የሚራቡትና ጫጩቶቻቸው የሚያድጉት በዳር ባለው ሣርና ደንገል ውስጥ በመሆኑ፣ ዛሬ የታረሰው ዳር ነገ በመረብ ላይ ይታያል።

ይህ የጣና ታሪክ ብቻ አይደለም። የዛሬዋ ሙምባይ በሰባት ደሴቶች መካከል የነበረው ባሕር በአፈር ተሞልቶ የቆመች ከተማ ናት። ኮሊ የሚባሉት ዓሣ አጥማጆች ከከተማዋ በፊት እዚያ ነበሩ፤ ዛሬም በሕንፃዎቹ መካከል ለመንደሮቻቸው ይሟገታሉ።

የጣናን ዳር የሚያርሰውን ገበሬ መውቀስ ለእኔ ይከብደኛል። የላስታን ገደል የሚያርሰውም ያው የመሬት ረሃብ ነውና። ይሁንና ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የሚጠበቀውና የሚታረሰው ወሰን በሚለይበት ስብሰባ ላይ ማሳ ያለው ሁሉ ድንበሩን ያሳያል። ማሳ የሌለው ወይጦ ግን የሚያሳየው ውኃውን ነው። ያን ጊዜ «መሬትህ የቱ ነው?» ተብሎ ብቻ ከተጠየቀ መልስ አይኖረውም፤ «ደንገል የምታጭደው፣ መረብ የምትጥለው የት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ያስፈልገዋል።