ቀለሙን ማን ሰጠው?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቬኒስን ረግጦ የማያውቅ አውሮፓዊ የከተማዋ ሰማይ ምን ያህል ሰማያዊ እንደሆነ «ያውቅ» ነበር። በባለ ቀለም ፎቶግራፍ አይቶታል። ፎቶግራፉ ግን ሲነሣ ጥቁርና ነጭ ነው። ሰማያዊውን የሰጠው ማተሚያ ቤቱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ሃንስ ያኮብ ሽሚድ የተባለ የዙሪክ ማተሚያ ቤት ሠራተኛ ፎቶክሮም የሚባለውን ዘዴ ፈጠረ። የማተሚያ ድንጋይ ብርሃን ሲነካው የሚጠነክር ሬንጅ ይቀባል፤ ኔጌቲቩ ከላዩ ተደርጎ ብርሃን ይበራበታል፤ ያልጠነከረው ሬንጅ ታጥቦ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ድንጋይ አለው። ለአንድ ምስል ቢያንስ 6፣ ብዙ ጊዜም ከ10 በላይ ድንጋይ ያስፈልጋል። የቱ ቀለም የት እንደሚያርፍ በእጁ እያረመ የሚወስነው ባለሙያው ነው፤ ቦታውን አይቶት ላያውቅ ይችላል።

ታዲያ ሰው ለምን አመነ? መስኮቱ፣ ጥላው፣ የግድግዳው ስንጥቅ በእርግጥ ከካሜራ የመጡ ናቸው። ዐይን እነዚህን ካመነ በኋላ ቀለሙን ለብቻው አይመረምርም። እውነተኛው ዝርዝር ለተገመተው ቀለም ዋስ ሆነለት።

በሰማይ ላይ ሲሆን ጉዳቱ ቀላል ነው። በሰው ፊት ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነው። በሰኔ 1994 እ.ኤ.አ. በነፍስ ግድያ የተከሰሰውን ኦ.ጄ. ሲምፕሰንን ፖሊስ ያነሣው ፎቶ ታይምና ኒውስዊክ በአንድ ሳምንት ሽፋናቸው ላይ አወጡት። ኒውስዊክ እንዳለ አተመው፤ ታይም አጠቆረው። ሁለቱ መጽሔቶች ጎን ለጎን ሲደረደሩ ልዩነቱ አፍጥጦ ወጣ፤ የጥቁር ሰው ፊት ይበልጥ አስፈሪ ተደርጓል የሚል ከባድ ወቀሳም ተነሣ። ችሎቱ ገና አልተጀመረም ነበር።

ዛሬ የዐድዋ ዘመን ሰዎች ፎቶግራፎች በኮምፒውተር ቀለም ተቀብተው ከስልክ ስልክ ይዞራሉ። ማሽኑ የካባውን ቀለም አያውቅም፤ ከሌሎች ፎቶዎች የለመደውን ይገምታል። ሰው ግን «እንዲህ ለብሰው ነበር» ብሎ ይይዘዋል።

ማቅለሙ ነውር አይደለም። ነውሩ ግምትን እንደ ማስረጃ ማቅረብ ነው። «ቀለሙ ኋላ የተጨመረ ነው» የምትል አንዲት መስመር ከሥሩ ትጻፍ፤ ዋናው ጥቁርና ነጭም አብሮ ይቀመጥ። አለዚያ የነገው ተመራማሪ የአያቶቹን ልብስ የሚያጠናው ከማሽን ግምት ላይ ይሆናል።