የሞተር ሳይክል ካቴና፦ ልኩና ማለቁ

የሞተር ሳይክል ካቴና የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርስ የብረት ሰንሰለት ነው። የሚዞረው በሁለት ባለጥርስ ክብ ብረቶች ላይ ነው፤ ትንሹ ከካምቢዮው በሚወጣው ዘንግ ላይ የሚቀመጠው የፊት ጥርስ ሲሆን ትልቁ ከቸርኬው ጋር የሚዞረው የኋላ ጥርስ ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን ባለሮለር ካቴና ትውልደ ስዊዙ ሐንስ ረኖልድ በ1880 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር ሆኖ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ከዚያ ወዲህ ብረቱ ተሻሽሏል፣ ቅርጹ ግን ያው ነው። እንደ ቬስፓ ያሉ ስኩተሮችና ሞተራቸው የኋላ ቸርኬው ውስጥ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች ካቴና ስለሌላቸው ይህ ጽሑፍ አይመለከታቸውም።

አዲስ አበባ ውስጥ ካቴና ከሚበሉ ሰፈሮች አራዳና ፒያሳ ከፊት ይሰለፋሉ፤ ምክንያቱ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ቁልቁል ይወርዳል። ከፒያሳ ወደ 4 ኪሎ የሚሄድም ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርዶ መልሶ ዳገቱን ይወጣል። መብራት ወይም የታክሲ ሰልፍ ያቆመው ሞተረኛ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ዳገት ላይ፣ በ1ኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለ እየለቀቀ ነው። አንድ 150 ሲሲ ሞተር በ1ኛ ማርሽ ያለ የሌለ ጉልበቱን ሲያወጣ ካቴናው ላይ የሚያርፈው ጉተታ ወደ 400 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ በ5ኛ ማርሽ ግን ሲሶው ያህል ነው። ሜዳ ላይ የሚነዳና ዳገት ለዳገት የሚውል ሞተር አንድ ዓይነት ካቴና ቢገጠምላቸው እንኳ እኩል አያገለግላቸውም። በዚህ ላይ የክረምቱ ጭቃና የበጋው አቧራ አለ፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈርሶ አካባቢው እንደ አዲስ ሲሠራ ደግሞ የግንባታው ብናኝ ነበር። ዘይት የጠጣ ካቴና ላይ የተለጠፈ አሸዋ ብረቱን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል።

ሌላው ጭነት ነው። የከተማ አስተዳደሩ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ስለገደበ፣ ፒያሳ ላይ የሚታየው ሞተር በአብዛኛው የሥራ ነው፤ ደብዳቤና ጥቅል ወይም ምግብ የሚያደርስ፣ ከኋላው ሳጥን የታሰረበት። ሳጥኑ የካቴናውን ልክ እንዴት እንደሚለውጥ ጀማሪው አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኋላ ጎማ የተያያዘበት ክንድ ከፍና ዝቅ የሚልበት ማጠፊያ የፊት ጥርሱ ካለበት ቦታ ትንሽ ራቅ ይላል። ስለዚህ ጭነት ወይም ጉድጓድ አሞርዛተሩን ሲጫነው በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ርቀቱ ከሁሉም የሚሰፋው የፊት ጥርሱ መሐል፣ የክንዱ ማጠፊያና የኋላው ፔርኖ በአንድ መስመር ላይ ሲውሉ ነው። ሞተሩ ባዶውን ቆሞ ሳለ «ልክ ነው» የተባለ ጥብቅ ካቴና፣ ሰውና ሳጥን ሲጫንበት ክር እንደሚሆን ማወቅ የሚቻለው ከዚህ ነው። ያኔ ጭነቱን የሚሸከሙት የካምቢዮው ዘንግ ኩሺኔታና የኋላ ጎማው ኩሺኔታ ናቸው። ከፊት ጥርሱ ኋላ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል፣ ካቴናውም ያለጊዜው ያልቃል፤ ሲብስም ይበጠሳል። ጀማሪዎች የላላውን ይፈራሉ፣ የጠበቀውን ያምናሉ። እኔ ግን በጥቂቱ ከላላው ይልቅ በጥቂቱ የጠበቀው ይበልጥ ያሰጋኛል፤ የላላው ይንኳኳል፣ የጠበቀው ግን ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚጎዳው።

ይህ ማለት መላላት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ከልኩ አልፎ የላላ ካቴና ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ይንገጫገጫል፣ ጥርስ ይዘላል። ወጥቶ ከወደቀ ደግሞ የኋላ ጎማውን ቆልፎ ሞተረኛውን ሊጥል ወይም የሞተሩን ቅርፊት ሊሰብር ይችላል። ቸርችል ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማ ቢቆለፍ ምን እንደሚመጣ መናገር አያስፈልግም።

ልኩ በሚሊሜትር ነው የሚነገረው። ለአስፋልት በተሠሩ ትናንሽ ሞተሮች የታችኛው የካቴና መስመር መሐሉ ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር መንቀሳቀስ አለበት። አሞርዛተራቸው ረጅም በሆነ የገጠር ሞተሮች እስከ 50 ሚሊሜትር ይፈቀዳል። ትክክለኛው ቁጥር በሞተሩ መመሪያ ውስጥ ወይም ክንዱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል፤ አለካኩም፣ ሰው ተቀምጦ ይሁን ባዶውን፣ እዚያው ተጽፏል። እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያሉት ካቴናቸው በቆርቆሮ ስለተሸፈነ የሚለካው የሽፋኑን የጎማ ክዳን ነቅሎ ነው።

ሲለካ ሞተሩ ይጠፋል፣ ማርሹ ኖርማል ይደረጋል። አንድ ቦታ ለክቶ መነሳት አይበቃም፤ ጎማውን በእጅ እያዞሩ አራት አምስት ቦታ መሞከር ያስፈልጋል። ያረጀ ካቴና አንድ ቦታ ላልቶ ሌላ ቦታ ይጠብቃል፣ የሚስተካከለውም በጠበቀው ቦታ ነው። በላላው ቦታ ካጠበቁት ሌላው ክር ይሆናል። ከዚያ የፔርኖው ዳዶ ይላላና ከክንዱ ግራና ቀኝ ያሉት ማስተካከያ ቡሎኖች እኩል እኩል ይዞራሉ። በሁለቱም በኩል ያለው ምልክት ካልተስማማ ጎማው ይጣመማል፣ ካቴናውም ጥርሱን በአንድ ጎን ይበላዋል። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ እንደገና ይለካል፤ ሲጠብቅ ብዙ ጊዜ ልኩን ትንሽ ይቀይረዋል። የኋላ ፍሬናቸው በዘንግ የሚሳብ ሞተሮች ላይ ጎማው ወደ ኋላ ስለሄደ የፍሬኑም ልክ ይለወጣልና ሳይሞከር መንገድ አይወጣም።

«ካቴናው ተለጠጠ» ሲባል ብረቱ እንደ ጎማ ረዝሟል ማለት አይደለም። የሚበላው በየመገጣጠሚያው ያለው ፒንና ፒኑ የሚዞርበት ቀለበት ነው። 120 መገጣጠሚያ ባለው ካቴና እያንዳንዱ 0.1 ሚሊሜትር ቢበላ ጠቅላላው 12 ሚሊሜትር ይረዝማል። በትናንሽ ሞተሮች የተለመደው 428 የሚባለው ካቴና ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ተወጥሮ ሳለ 21 ፒን ተቆጥሮ ከመጀመሪያው መሐል እስከ መጨረሻው መሐል ሲለካ አዲሱ 254 ሚሊሜትር ይሆናል። 259 ከደረሰ 2 በመቶ ረዝሟል፣ አብቅቶለታል። አንዳንድ አምራቾች ከዚያ በፊት እንዲቀየር ያዛሉ። ማስመሪያ በሌለበት ካቴናው ከኋላ ጥርሱ ጀርባ በጣት ይሳባል፤ ከጫፎቹ የአንዱ ግማሽ ከታየ አልቋል።

ያለቀውን ካቴና ሁለት መገጣጠሚያ ቆርጦ ማሳጠር የተለመደ መላ ነው። ቁመቱ ያጥራል እንጂ በፒንና በፒን መካከል የሰፋው አይመለስም። የሰፋው ካቴና የጥርሱን ጫፍ እየገፋ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ መንጠቆ ያደርገዋል። አዲስ ካቴና በመንጠቆ ጥርስ ላይ ቢገጠምም እንዲሁ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ካቴናውና ሁለቱ ጥርሶች አንድ ላይ ይቀየራሉ፤ ዋጋው ያሳስባል፣ ግን ካቴናውን ብቻ የገዛ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ይገዛል።

ማጽዳቱ ቀላል ነው፤ ነጭ ጋዝ፣ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ ከዚያ የካምቢዮ ዘይት በስሱ። በየ500 ኪሎ ሜትሩና ከዝናብ በኋላ ቢቀባ ይበቃል። ጎማው በእጅ ይዞራል እንጂ ሞተሩ ተነስቶ ካቴና አይጸዳም፤ ጣት የሚቆረጠው እንዲህ ነው። ቤንዚንና የላቫጆ ግፊት ውሃ በመገጣጠሚያው መሐል የጎማ ቀለበት ላላቸው ካቴናዎች ጠላት ናቸው። ካቴናውን የሚያያይዘው ክሊፕ ዝግ ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ተገልብጦ ከገባ አንድ ጠጠር ነክቶ ሊያወልቀው ይችላል። አዲስ የተገጠመ ካቴናም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ቦታ ስለሚይዝ ይላላል፤ ከጋራዥ ከወጣ በሳምንቱ እንደገና መለካት ያስፈልገዋል።